የሰው ኮት፦ ልብስና ሥልጣን በታሪካችን

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ኮት ነው። ኮቱ የእኔ አልነበረም፤ የለበሰው ሰውም አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈተና ላይ ከፈታኞቹ አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ስም መጥራት አያስፈልግም። ተፈታኙ ከሩቅ ወረዳ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪና ሹራብ ለብሷል። ገና «እንደምን አደራችሁ» ከማለቱ ሰብሳቢያችን ከእግር እስከ ራሱ ቃኙትና «ይህ የገበያ ቦታ አይደለም፤ ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ተመለስ» አሉት። ልጁ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅነው። ሲመለስ የግቢውን የጥበቃ ሠራተኛ ኮት ደርቦ ነበር፤ እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍናል፣ ትከሻው ወርዷል፣ ቁልፎቹ የደንብ ልብስ ቁልፎች ናቸው። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቅንቀው «ቀጥል» አሉ። በዚያ ኮት ውስጥ ሆኖ በትውልድ አውራጃው ስለነበረው የገባር ሥርዓት አርባ ደቂቃ ያህል አስረዳ። ሥራው በዚያ ዓመት ካነበብኋቸው ሁሉ የተሻለ ነበር።

እኔ ዝም አልሁ። ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ አግኝቼው «እንኳን ደስ አለህ፤ ጥያቄዎቹ ከበዱህ እንዴ?» ብለው፣ «ዶክተር፣ የከበደኝ የመጀመሪያው ብቻ ነው» አለኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ገባር አልነበረም።

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ለመሆኑ ልብስ በሥራና በፖለቲካ ውስጥ ቁም ነገር ነውን? ወይስ ከንቱ ወግ? የታሪክ ሰው እንደመሆኔ መልሱን የፈለግሁት በታሪካችን ውስጥ ነው።

*

ቃላችንን ብንመረምር ልብስ በእኛ ዘንድ ከሥልጣን ተለይቶ እንደማያውቅ እንረዳለን። «ሽልማት» የምንለው ቃል «ሸለመ»፣ ማለትም አስጌጠ፣ አስዋበ ከሚለው የወጣ ነው። ነገሥታቱ ጀግናን ሲያከብሩ ለምድና ካባ ያለብሱ ነበር፤ መሾምና መልበስ ጎን ለጎን የሚሄዱ ነገሮች ነበሩ። በተቃራኒው ታናሹ በታላቁ ፊት ሲቆም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ይታጠቅ ነበር። ይህ ማደግደግ ይባላል። ጌታው ተከናንቦ እስከ አፍንጫው ሊሸፈን ይችላል፤ ሎሌው ግን ሸማውን ዝቅ አድርጎ መታየት አለበት። ሁለቱም የለበሱት ያው አንድ ዓይነት ሸማ ነው። ልዩነቱ አለባበሱ ላይ ነው። ሐዘንተኛ ነጠላውን ዘቅዝቆ ሲለብስ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ምእመን ሲያጣፋ፣ ሸማ ያለ አንደበት እንደሚናገር ቋንቋ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ በጌታው ፊት ሸማውን የሚታጠቅ ሰው የለም። ቃሉ ግን አልሞተም። ለአለቃው ያለ ልክ የሚያጎበድደውን የቢሮ ሰው «አደግዳጊ» እንለዋለን። ሸማው በኮት ተተካ እንጂ ማደግደጉ አልቀረም።

እዚህ ላይ አንድ መራር ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ሸማው የክብር ልብስ ሲሆን ሸማኔው ግን የተናቀ ነበር። መኳንንቱ በጥበቡ ተሸልመው ሲቀመጡ ጥበቡን የሠራው እጅ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለእጆችን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። እንግዲህ ልብስን የሚያከብር ማኅበረሰብ ሁሉ ሠሪውን ያከብራል ማለት አይደለም።

*

የዘመናዊው ፖለቲካችን የልብስ ታሪክ ከውጭው ዓለም ጋር ከተገናኘንበት ሰዓት ይጀምራል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን የመሳሰሉ መኳንንት አስከትለው አውሮፓን በጎበኙ ጊዜ፣ የየአገሩ ጋዜጦች ስለ መኳንንቱ ካባና ባርኔጣ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። አገራችን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ መንግሥታት ማኅበር ገብታለች። የአውሮፓ ጋዜጠኛ ግን የሚያየው ልብሱን ነበር።

በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ከማኅበሩ ጉባኤ ፊት ሲቆሙ ከነጭ ልብስ በላይ ጥቁር ካባ ደርበው ነበር። የጣልያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያደናቅፏቸው ሞከሩ። እርሳቸው ግን ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ተጣሰው ቃል ኪዳን በአማርኛ ተናገሩ። ሦስት ነገሮች በዚያ መድረክ ላይ አንድ ሆነው ነበር፦ የተሰደደ ንጉሥ፣ የገዛ ራሱ ቋንቋና የገዛ ራሱ ልብስ። ካባው ኢትዮጵያን ከወረራ አላዳናትም። ነገር ግን የዚያን ቀን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው በዚያ ሙሉ ልብስ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ማን ከየት እንደመጣ አይሳሳትም። በእኔ አመለካከት ይህ ልብስ በፖለቲካ ውስጥ ሊሠራ የሚችለው በጎ ሥራ ነው፤ ክርክሩን አይተካም፣ ተከራካሪውን ግን ያስታውቃል።

እኒያው ንጉሥ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ካኪ የጦር ልብስ ለብሰው ነበር። አምስት ዓመት በዱር የቆየው አርበኛ ደግሞ ጎፈሬውን አሳድጎ ተቀበላቸው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ቢሮው የኮትና የክራቫት፣ የቋንቋና የዲፕሎማ ቦታ እየሆነ ሲሄድ ብዙው ጎፈሬ ከደጅ ቀረ። ለአርበኛው ቅሬታ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ኮቱ የምክንያቱ ምልክት እንጂ ምክንያቱ ራሱ አልነበረም።

*

አሁን ወደ እኔው ቤት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንምጣ። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎቹ ይህ የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተነሡ። ሰልፉ ወደ ሁከት ተለወጠ፤ እንቁላል ተወረወረ፣ ትርዒቱን ሊያዩ የመጡ እንግዶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ተንገላቱ፣ አንዳንዶቹም ተመቱ። ፖሊስ ገባ፤ የተማሪ መሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ።

እነዚህ ተማሪዎች እነማን ናቸው? በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ለጭሰኛው የተሰለፉ፣ በዓመቱ ደግሞ በሾላ ካምፕ ለታጎሩት ድሆች «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው የጠየቁ ወጣቶች ናቸው። ለደካማው የሚቆረቆር ልብ እንደነበራቸው አልጠራጠርም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ የዚያን ዘመን የተማሪዎች ሰልፍ ፎቶግራፎች ተመልከት። ብዙዎቹ ወንዶች ኮት ለብሰዋል፣ ክራቫት አሥረዋል። የወንዱ ኮት ከለንደን ወይም ከሮም ሲመጣ «ዘመናዊነት» ተባለ፤ የሴቷ አጭር ቀሚስ ከዚያው ሲመጣ ግን «የባህል ወረራ» ሆነ። ጥያቄው ስለ ጨርቁ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በአንድነት ይወገዙ ነበር። ጥያቄው ግን በሴት ገላ ላይ ማን ያዝዛል የሚል ነበር። ለድሀው ነጻነት የጮኸው አንደበት ለእኅቱ ነጻነት ሲሆን ተሳሰረ። ይህን የምለው ያን ትውልድ ለመኮነን አይደለም፤ እኔም በፈተናው ክፍል ዝም እንዳልሁ አልረሳሁም።

ከዓመት ከመንፈቅ ያህል በኋላ፣ በኅዳር 1962 ዓ.ም.፣ ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በጻፈው አነስተኛ ጽሑፍ ኢትዮጵያዊ ለመባል ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ በዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ የአማራና የትግሬን ሸማ መልበስ እንደሆነ አመለከተ። ከእርሱ ድምዳሜዎች ጋር የሚስማማም የማይስማማም አለ፤ ዛሬም ክርክሩ አላበቃም። ለእኔ የሚደንቀኝ ግን በአገር ጥያቄ ላይ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ከቋንቋና ከሃይማኖት ቀጥሎ ልብስን መጥቀሱ ነው። ወጣቱ ተማሪ አንድ ነገር ገብቶት ነበር፦ «የአገር ልብስ» የሚባለውን የሚመርጠው ማን ነው? ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የምናከብረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ይመስላል፤ ሁሉም የራሱን ለብሶ በአደባባይ ይጨፍራል። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሚገባው ሁሉ ያንኑ ኮትና ክራቫት ለብሶ ነው። የባህል ልብሳችንን ለበዓል ፈቅደን ለሥራ ከልክለነዋል ማለት ነው።

*

አብዮቱ ሲመጣ የልብስ ሥርዓቱም ተገለበጠ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ስድሳ ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ለእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተሠማሩ። የሀብታም ልጅና የድሀ ልጅ በአንድ ካኪ ውስጥ ሲገቡ እኩልነት በዓይን ታየ። ይህን ማቃለል አይገባም።

ነገር ግን ካኪ እንደ ለባሹ ነው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ኢሠፓ ሲመሠረት፣ የፓርቲው ሹማምንት የሰሜን ኮሪያን ጓዶች የሚያስታውስ፣ አንገቱ የተዘጋ ደንብ ልብስ ለብሰው ታዩ። የእኩልነት ልብስ የነበረው የሹመት ልብስ ሆነ። አብዮት አደባባይ በመብራትና በሰንደቅ ዓላማ ሲያሸበርቅ በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። በዚያ ልብስ ውስጥ ሆኖ ስለ ረሃቡ ጮክ ብሎ መናገር የቻለ ሹም ብዙ አልነበረም። አንድ ዓይነት ልብስ አንድ ዓይነት ዝምታን ሲያስከትል ማየት ከፈለግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያስፈልገንም።

ከዚያም ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መጣ። ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፣ ጠጉራቸው የተንጨፈረረ ታጋዮች አዲስ አበባ ገቡ። ከተሜው በመስኮቱ እያየ የተገረመው ከጠመንጃው ባልተናነሰ በቁምጣው ነበር። ትልቁን ጦር ያሸነፈው ቁምጣ መሆኑ ስለ ልብስ ክብር የምናውቀውን ሁሉ ያፈረሰ መስሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን መሪዎቹ ሙሉ ልብስ ለበሱ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ መንግሥት የሆነ ኃይል የመንግሥትን ልብስ ይለብሳል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ኮቱን ያጠለቀው ሰው ቁምጣውን ከለበሰው ጋር የተካፈለውን ቃል አብሮ አወለቀውን? መልሱን አንባቢ እንደየፍርዱ ይስጥ።

*

«ይህ የእኛ ኋላቀርነት ነው» የሚል ካለ ወደ ውጭ ይመልከት። ቱርክ በ1925 እ.ኤ.አ. ፌዝን ከልክላ ባርኔጣን በሕግ ስታዝዝ በተቃውሞው ሳቢያ የተሰቀሉ ሰዎች ነበሩ። ጋንዲ በ1931 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ግብዣ የገቡት በዚያው በሚያውቋቸው ሽርጥና ነጠላ ነው። የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ በዋይት ሐውስ ተቀምጠው ሳለ አንድ ጋዜጠኛ «ሙሉ ልብስ ለምን አይለብሱም?» ብሎ ጠየቃቸው። ሰውየው አገራቸው እየተደበደበች ነው፤ ጥያቄው ስለ ኮት ነው። የእኛ ሰብሳቢም ያንን ጋዜጠኛ ቢያገኙት ይግባቡ ነበር።

በአገራችንም ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በጥር መጨረሻ 2015 ዓ.ም.፣ በነነዌ ጾም ቀናት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ምእመናን ጥቁር እንዲለብሱ ባወጀ ጊዜ፣ ጥቁር በመልበሳቸው ብቻ ከሥራ ቦታቸው በር የተመለሱ ሰዎች እንደነበሩ ተዘግቧል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የሚለብሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ በመታገዳቸው ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለባለቤቶቹ ልተወው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ግን በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው። ሥራው በሰላም መግባትና መውጣትን መጠበቅ ሲሆን፣ የጨርቅን ትርጉም የሚፈታ ዳኛ ሆኖ ተገኝቷል።

*

ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ነበር ከዚያ ፈተና በኋላ በተደረገው የትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ «የልብስ ደንብ የሚባለው ነገር ከፈተና ሥርዓታችን ይውጣ» የሚል ሐሳብ ያቀረብሁት። ንግግሬን አሳምሬ ነበር፤ ጋንዲንም ሳልጠቅስ አልቀረሁም። የሚቃወመኝ ሰብሳቢው ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር። የተነሡት ግን ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው ባልደረባችን ናቸው።

«እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ» አሉ። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከሰልባጅ ተራ አንድ ኮትና አንድ ክራቫት ገዛሁ። አራት ዓመት ያንኑ ለበስሁ። በነጠላ ብመጣ ማን ሠራው፣ የማን ልጅ ነህ ይሉኝ ነበር። በኮቱ ውስጥ ሳለሁ ማንም የማን ልጅ እንደሆንሁ አልጠየቀኝም። አንተ ዛሬ ደንቡን ስታነሣው ሀብታሙ ተማሪ ያማረውን፣ ድሀው ያለውን ለብሶ ይመጣል። ያን ጊዜ ልዩነቱ የባሰ ይታያል። አስበህበታል?»

አላሰብሁበትም ነበር። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ዳኛ ካባ የሚለብሰው ሰውየው ተሸፍኖ ሕጉ እንዲታይ ነው። ፖሊስ የደንብ ልብስ ባይለብስ የሚፈራው ዜጋው ነው፤ በዚህ አገር በሲቪል ልብስ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ሰው ምን እንደሆነ አባቶቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ «ልብስ ከንቱ ነው» ማለት ቀላል የሚሆነው ልብሱ ላልቸገረው፣ የማን ልጅ ነህ ተብሎም ለማይጠየቅ ሰው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የደረስሁበት መለኪያ ይህ ነው። አንድ የልብስ ደንብ ሲወጣ አራት ጥያቄ ልንጠይቀው ይገባል። አንደኛ፣ ደንቡ ሥራውን ያገለግላል ወይስ ማዕረግን? ሁለተኛ፣ አስቀድሞ ተጽፎ ይታወቃል ወይስ በአለቃው ቅንድብ ላይ ብቻ ይነበባል? ሦስተኛ፣ በታላቁም በታናሹም፣ በወንዱም በሴቷም ላይ እኩል ይሠራል? አራተኛ፣ ዋጋውን ማን ይከፍላል? የዘማቹ ካኪ አራቱንም ከሞላ ጎደል ያልፋል። የኢሠፓው አያልፍም። የ1960ዎቹ ቁጣ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። የእኛ ፈተና ክፍል ደግሞ በአራቱም ላይ ወድቆ ነበር፤ ደንቡ በየትም ያልተጻፈ፣ ዋጋውም በጥበቃ ሠራተኛው የተከፈለ ነበርና። ያ ሰው ግማሽ ቀን በብርድ እንደቆመ የሰማሁት በኋላ ነው።

ስብሰባው ከብዙ ክርክር በኋላ በአንድ ነገር ተስማማ። ጋሼ ራሳቸው ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ትምህርት ክፍሉ ሦስት ጥቁር ጋዋን ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ቁምሣጥን ሰቀለ። ተፈታኝ ሁሉ፣ የሚኒስትር ልጅ ይሁን የገበሬ፣ ከፈተናው በፊት አንዱን ይደርባል፤ ከሥር የለበሰውን ማንም አይጠይቅም። ፈታኞችም ጋዋን ይልበሱ የሚለው ግን በድምፅ ብልጫ ወደቀ። እኔ ደግፌው ነበር። ጠያቂውም እንደ ተጠያቂው እንዲለብስ ማድረግ ለሚቀጥለው ትውልድ ሳይቀር አይቀርም።

ያ መምህር ወደ ወረዳው ተመልሷል። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቹን ይዞ የአድዋን በዓል ሊያከብር አዲስ አበባ መጥቶ ስልክ ደወለልኝ። ተገናኘን። ሹራቡን ለብሶ ነበር። ከመለያየታችን በፊት «የጥበቃ ሠራተኛው አሁንም አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጡረታ መውጣታቸውን ነገርሁት። ቦርሳውን ከፍቶ በፌስታል የተጠቀለለ አዲስ ሹራብ አወጣና «ካገኟቸው ይስጡልኝ» አለኝ።

ሹራቡ እስካሁን በቢሮዬ ተቀምጧል። አድራሻቸውን እያፈላለግሁ ነው።